ከሰውነት የበቀለ መሣሪያ፦ ከውጊያ ጨዋታው ባራካ እስከ ስሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ

መግቢያ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጠዳ ዙሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በሣር ሲሸፈን፣ ሁለት ኮርማዎች ሲገጥሙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መሬት ይጭራሉ፤ ያጓራሉ፤ ጎናቸውን አዙረው ይተያያሉ፤ ከዚያም ቀንድ ለቀንድ ተቆላልፈው ይገፋፋሉ። ከሁለቱ አንዱ ማፈግፈግ ሲጀምር ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ አሸናፊውም ጥቂት አባሮት ይመለሳል። ሆድ መቅደድ የሚችል ቀንድ በሁለቱም ራስ ላይ አለ፤ ሆድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀደድም። እረኛው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያየው አይደነቅበትም። ተመራማሪ ግን ሊደነቅበት ይገባል።

ይህንኑ ትዕይንት በከተማው ውስጥ የውጊያ ቪዲዮ ጨዋታ ከሚጫወት ወጣት ልምድ ጋር እናነጻጽረው። እ.ኤ.አ. በ1992 መውጣት በጀመረው “ሞርታል ኮምባት” በተሰኘው ተከታታይ ጨዋታ ውስጥ፣ ከ1993ቱ ሁለተኛ ክፍል አንሥቶ ባራካ የሚባል ተዋጊ አለ። ባራካ ታርካታን ከሚባል ምናባዊ የጦረኞች ዘር የተገኘ ነው። ከሁለቱ ክንዶቹ ውስጥ ረጃጅም ስለቶች ይወጣሉ፤ ሲፈልግም ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። ጥርሶቹ ሁሉ የሾሉ ናቸው። ጎራዴ አይታጠቅም፤ ጎራዴው ራሱ ሰውነቱ ነው። በጨዋታው ውስጥ ይህ ስለት የሚወጣው ለመቁረጥ ነው፤ ፍልሚያውም የሚያበቃው በሞት ወይም በመውደቅ ነው።

በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል ያለው ልዩነት ከየት ይመጣል? አውሬው ከጨዋታው ገጸ ባሕርይ ይልቅ “ገር” ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ማብራሪያ አይደለም። ይህ አጭር ጽሑፍ በስሜን ተራሮች የሚኖሩትን ጭላዳንና ዋልያን ምሳሌ አድርጎ የሚያስረዳው ሐሳብ አንድ ነው፦ አንድ እንስሳ ከሰውነቱ የበቀለውን መሣሪያ እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚወስነው፣ ከመሣሪያው ስለት ይበልጥ፣ ጠቡ ለባለ መሣሪያው የሚያስከትለው ኪሳራ ነው። ኪሳራው ሲበዛ ቁጥብነት ይመጣል፤ ኪሳራው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቁጥብነቱ ይጠፋል።

በጨዋታው ዓለም መሣሪያ የሚያስከፍለው ዋጋ

የውጊያ ጨዋታ ሠሪዎች የመሣሪያን ዋጋ ፈጽሞ ረስተውታል ማለት ስሕተት ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ከበለጠ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ሚዛኑ የሚጠበቀው በጊዜ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ሰከንድ ብዙውን ጊዜ በ60 የምስል ክፍሎች ወይም ፍሬሞች ይከፈላል። እያንዳንዱ ምት ሦስት ክፍሎች አሉት፦ እጅ ወይም ስለት የሚነሣበት መነሻ፣ ምቱ የሚያርፍበት ቅጽበት፣ ተዋጊው ወደ ቀድሞ አቋሙ የሚመለስበት ማገገሚያ። ከባድ ምት በአብዛኛው ረጅም መነሻና ረጅም ማገገሚያ ይሰጠዋል። ከሳተ ባለቤቱን ለአጸፋ ምት ያጋልጠዋል። ስለዚህ ባራካም ቢሆን ስለቱን ሲያወጣ የሚከፍለው ነገር አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ዋጋ የሚከፈለው በአንድ ዙር ውስጥ ብቻ ነው። ዙሩ አልቆ ሌላው ሲጀምር የሕይወት መለኪያው ይሞላል፤ ስለቱም እንደገና አዲስ ነው። የተሰበረ ስለት ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር የሚገባ፣ ወይም ስለቱን ለማሳደግ ለዓመታት የተመገበውን ምግብ የሚቆጥር ተዋጊ የለም። በተፈጥሮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ የሚከፈለው ከጠቡ በፊት፣ መሣሪያው ሲበቅል፣ እንዲሁም ከጠቡ በኋላ፣ መሣሪያው ወይም አካሉ ሲጎዳ ነው። አዲስ ዙር የሚባል ነገርም የለም።

ሰገባ፣ ሞረድና ጋሻ

ማንኛውም ስለት ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ ባለቤቱን እንዳይቆርጥ የሚከለክል ሰገባ፣ እንዳይዶለዱም የሚስል ሞረድ፣ የመልሱን ምት የሚቀበል ጋሻ። ምናባዊው ዘር እነዚህን ሦስቱን በዝምታ ያልፋቸዋል። እውነተኛ አካል ግን ሊያልፋቸው አይችልም።

በመጀመሪያ ሰገባን እንመልከት። ከክንድ ውስጥ የሚወጣ ስለት ሲመለስ የሚተኛበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያም ቦታ ጡንቻ፣ ጅማትና የደም ሥር የሚያልፉበት ነው። ስለቱ የሚወጣበት ቆዳም በእያንዳንዱ ጊዜ ይቀደዳል። ለዚህ እጅግ የቀረበው እውነተኛ እንስሳ በካሜሩንና በአካባቢው የሚኖር ባለ ጠጉር የሚመስል እንቁራሪት ነው። ይህ እንቁራሪት ሲያዝ በኋላ እግሩ ጣቶች ጫፍ ያሉት አጥንቶች ከመያዣቸው ተሰብረው ቆዳውን በስተው እንደ ጥፍር ይወጣሉ። መሣሪያው ይሠራል፤ ግን ባለቤቱን ሳያቆስል አይወጣም። ስለዚህ በመጨረሻው ጭንቅ ላይ እንጂ በየዕለቱ ጠብ የሚመዘዝ አይደለም።

ጭላዳ ያገኘው መፍትሔ ሌላ ነው። ወንዱ ጭላዳ እንደ ጩቤ የረዘሙ የላይኛው መንጋጋ ክራንቻዎች አሉት፤ ሰገባቸውም ከንፈሩ ነው። ሞረዱ ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ይገኛል። አፉን በዘጋና በከፈተ ቁጥር የላይኛው ክራንቻ የኋላ ጠርዝ ከታችኛው የፊተኛ ቅድመ መንጋጋ ጥርስ ጋር እየተፋተገ ይሳላል። ይህ ጥርስ ለዚሁ ተግባር የተንጋደለና የረዘመ ገጽ አለው። ይህ አሠራር በዝንጀሮና በሌሎችም የቅርብ ዘመዶቹ ዘንድ የሚታይ ነው።

ነገር ግን ረጅም ክራንቻ ረጅም ክፍተት ይጠይቃል። የላይኛውና የታችኛው ክራንቻ ጫፎች እስኪላቀቁ ድረስ አፉ ካልተከፈተ መሣሪያው አይነክስም። መንጋጋ በሰፊው እንዲከፈት ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻዎች ብዙ መለጠጥ አለባቸው፤ ይህም በማኘክ ጊዜ ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር ይሻማል። ጭላዳ ደግሞ ከሕያዋን የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ሁሉ በዋነኛነት ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛው ዝርያ ነው። ቀኑን በአብዛኛው ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነቀሰ ያኝካል። ስለዚህ ወንዱ ጭላዳ በአንድ አፍ ውስጥ የወፍጮ ድንጋይና ጩቤ አብሮ የሚይዝ እንስሳ ነው። ሁለቱን ማስማማት ዋጋ አለው፤ ክራንቻው ቢሰበርም ዳግመኛ አይበቅልም።

ዋልያ ደግሞ የጋሻን ጉዳይ ያስተምረናል። የዋልያ ቀንድ ከውስጥ አጥንት፣ ከውጭ ጥፍርን ከሚሠራው ንጥረ ነገር ማለትም ከኬራቲን የተሠራ ነው። እንደ አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ አይረግፍም፤ ዕድሜ ልክ ያድጋል። ወንዱ ዋልያ ከ80 እስከ 125 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ወደ ኋላ እንደ ቀስት የታጠፈው ቀንዱም ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የሴቷ ቀንድ አጭርና ቀጭን ነው። የዋልያ ዘመዶች የሆኑት የተራራ ፍየሎች ሲፋለሙ በኋላ እግራቸው ቆመው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቀንድም ከቀንድ ይጋጫል። ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ በመሆኑ ጫፉ ለመውጋት አይመችም። የሚመታውም የሚመከተውም በዚያው ቀንድ ነው፤ ጦርና ጋሻ አንድ ላይ ናቸው።

ይህም ቢሆን ከዋጋ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በራስ ግጭት የሚታወቁትን የማስክ በሬንና የሰሜን አሜሪካን የተራራ በግ አንጎል መርምሮ፣ በራስ ምት ከሚመጣ የአንጎል ጉዳት ጋር የሚመሳሰሉ ምልክቶችን አግኝቷል። እነዚህ እንስሳት ለግጭት የተሠሩ ናቸው ሲባል ግጭት አይጎዳቸውም ማለት አይደለም።

መሣሪያው የተሠራው በማን ላይ ነው?

የአንድ አካል መሣሪያ ለምን እንደ በቀለ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ማን እንደ ታጠቀው ማየት ነው። ክራንቻው ለምግብ ቢሆን ኖሮ ሴቷም ያንኑ ያህል ያስፈልጋት ነበር፤ ሁለቱም የሚበሉት አንድ ሣር ነውና። ከአዳኝ ለመከላከል ብቻ ቢሆንም ነብርና ጅብ ሴቷንም አይምሩም። ነገር ግን የሴቷ ጭላዳ ክራንቻ ከወንዱ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋናው ምክንያት በወንዶች መካከል ያለው ፉክክር ነው።

ጭላዳ ከአዳኝ የሚያመልጠው በዋነኛነት በገደል ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ ያድራል፤ አደጋ ሲሰማም ወደ ገደል ይወርዳል። በመንዝ ጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አያባርሩትም፤ አይሸሹትምም። ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ካደናቸው አይጦች 67 በመቶ ያህሉን ሲይዝ፣ ለብቻው ሲያድን የተሳካለት 25 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የቤት ውሻ ሲመጣ ግን ጭላዳው ወደ ገደሉ ይሸሻል። በሁለቱም አጋጣሚ ክራንቻው የመጀመሪያው መልስ አይደለም።

የወንዶቹ ፉክክር የተመሠረተው በጭላዳ ማኅበራዊ አኗኗር ላይ ነው። ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳንቃበር ካደረጓቸው ጥናቶች ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ የጭላዳ መንጋ የብዙ ትናንሽ ቤተሰቦች ስብስብ ነው። በእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አውራ ወንድ፣ በርከት ያሉ ሴቶችና ልጆቻቸው ይገኛሉ። ቤተሰብ የሌላቸው ወንዶች በወንደላጤ ቡድን ተሰባስበው ዙሪያውን ይዞራሉ። የወንደላጤው የመራባት ዕድል የሚከፈተው በአብዛኛው አንድን አውራ ገልብጦ ቤተሰቡን ሲወርስ ነው።

በዚህ ሁሉ ውጥረት ውስጥ ግን የዕለት ተዕለቱ ሙግት የሚካሄደው በማሳየት ነው። አውራው ላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል፤ እየጮኸ ይሮጣል፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ይነቀንቃል። በደረቱ ላይ ያለው ጠጉር አልባ ቀይ ቆዳም ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስሜን ተራሮች ጥናት፣ የአውራዎች ደረት ከወንደላጤዎቹ ይልቅ የቀላ መሆኑን፣ ከአውራዎቹም መካከል ትልቅ ቤተሰብ ያላቸው የበለጠ የቀላ ደረት እንዳላቸው አሳይቷል። ተቀናቃኙ ሳይነከስ ሊያነብበው የሚችል መረጃ አለ ማለት ነው።

የሽልማትና የኪሳራ ስሌት

ለዚህ ቁጥብነት ግልጽ የሆነ ስሌት የሰጡት ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆርጅ ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንስሳት የሚቆጠቡት “ለዝርያቸው ጥቅም” ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ትተው፣ ቁጥብነት ለራሱ ለግለሰቡ እንደሚጠቅም አሳዩ። ከዚህ የተነሣው ቀላሉ ሞዴል “ጭልፊትና እርግብ” በመባል ይታወቃል። ስሞቹ የዝርያ ሳይሆኑ የአካሄድ ስሞች ናቸው። ጭልፊት እስኪያሸንፍ ወይም እስኪቆስል ይፋለማል፤ እርግብ ታሳያለች፤ ሌላው ከከረረ ግን ትተዋለች።

ሁለት ጭልፊቶች ሲገናኙ አንዱ ሽልማቱን ያገኛል፤ ሌላው ይቆስላል። ሽልማቱ ከቁስሉ ኪሳራ የሚበልጥ ከሆነ ጭልፊትነት ሁልጊዜ ያዋጣል። ኪሳራው ከሽልማቱ ከበለጠ ግን ሁሉም ጭልፊት የሆነበት ማኅበረሰብ አይጸናም፤ የጭልፊቶች ድርሻ ሽልማቱ ለኪሳራው ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ላይ ይረጋል። ለምሳሌ ሽልማቱ 4፣ ኪሳራው 10 ቢሆን፣ ከተፋላሚዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ብቻ የጭልፊትን አካሄድ ይከተላሉ። ኪሳራው ወደ 40 ከፍ ቢል ይህ ድርሻ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለተራ ግምት የሚቃረን ነው፦ ሁለቱም ወገኖች እኩል ከታጠቁ፣ መሣሪያው ይበልጥ በሾለ ቁጥር እስከ ደም የሚደርሰው ጠብ ይቀንሳል።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የሰሜን አሜሪካ የተራራ ፍየል ነው። ይህ እንስሳ እንደ ዋልያ የታጠፈ ቀንድ የለውም፤ ቀንዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና እንደ ጩቤ የሾለ ነው። በዚህ ቀንድ ፊት ለፊት መጋጨት ለሁለቱም ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተቀናቃኞቹ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመው፣ ጀርባቸውን አጉብጠው ለረጅም ጊዜ ይዛዛታሉ፤ ከተወጋጉም ቆዳው ወፍራም በሆነው በታፋቸው በኩል ነው። የታጠፈና የሚመክት ቀንድ ያለው ይጋጫል፤ የሾለ ቀንድ ያለው ይዝታል። የመሣሪያው ቅርጽና የጠቡ ሥርዓት አብረው የተቀረጹ ናቸው።

በጨዋታው ዓለም ለባራካ ኪሳራው ዜሮ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ሁልጊዜ አለና። ተጫዋቹ ሁልጊዜ ጭልፊት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታርካታኖች እውነተኛ ሕዝብ ቢሆኑ፣ ስለታቸውም በእውነት ያን ያህል የሚቆርጥ ቢሆን፣ ሞዴሉ የሚተነብየው እጅግ ብዙ የዛቻ ሥርዓት ያላቸውና ስለታቸውን ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዝዙ ፍጡራን እንደሚሆኑ ነው።

ቁጥብነት የሚያበቃበት ቦታ

ይህ ትንታኔ በዚህ ቢያበቃ ተፈጥሮን ከልክ በላይ ሰላማዊ አድርጎ ያሳይ ነበር። ያው ስሌት ግን ቁጥብነቱ የሚቋረጥባቸውን ሁለት ሁኔታዎችም ይናገራል።

የመጀመሪያው ሽልማቱ እጅግ ሲገዝፍ ነው። ወንደላጤው አንድን ቤተሰብ ለመውረስ ሲመጣ ለአውራው የቀረበው ጥያቄ የአንድ ቀን ግጦሽ ሳይሆን የመላ የመራባት ዕድሉ ነው። በዚህ ጊዜ ማሳየቱ ያልቅና ንክሻው ይጀምራል። ያም ሆኖ ተሸናፊው አውራ ብዙ ጊዜ አይገደልም፤ ደረቱ እየደበዘዘ በዚያው ቤተሰብ ጥግ ሊቀመጥ ይችላል። አንዳንዶቹ አውራዎች ደግሞ ይህን ቀን ለማራቅ ተከታይ ወንድ በቤተሰባቸው እንዲኖር ይፈቅዳሉ። ተከታዩ ከሚወለዱት ልጆች ጥቂቱን ይወልዳል፤ በምላሹም ተከታይ ያለው አውራ በሥልጣኑ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ክራንቻ ብቻውን ቤት አይጠብቅም።

ሁለተኛውና ከባዱ ሁኔታ ኪሳራው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። አዲሱ አውራ ቤተሰቡን ከወረሰ በኋላ ከቀድሞው አውራ የተወለዱ ጡት የሚጠቡ ግልገሎችን ሊገድል ይችላል። የምታጠባ እናት ቶሎ አትፀንስም፤ ግልገሏን ስታጣ ግን ለአዲሱ አውራ ቶሎ ትደርሳለች። ግልገሉ መልሶ የሚነክስበት ክራንቻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የስሜን ተራሮች የጭላዳ ጥናት፣ አዲስ አውራ ሲመጣ ነፍሰ ጡር ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ፅንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳይቷል። የእናቲቱ አካል ሊገደል በሚችል ግልገል ላይ ተጨማሪ ወራት ከማዋል ይልቅ ቀደም ብሎ ኪሳራውን ይቀንሳል ተብሎ ይተረጎማል።

እንግዲህ በአንድ አፍ ውስጥ ያለ አንድ ክራንቻ ነው። እኩያው ፊት ሲቆም ለማሳየት ይገለጣል፤ መከላከያ የሌለው ሲገኝ ይገድላል። የተለወጠው ስለቱ አይደለም፤ የአጸፋው ዋጋ ነው።

መሣሪያውን ከአካሉ ያወጣ ዘር

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰው ዘር የተለየ ቦታ አለው፤ የታሪኩም አንዱ ዋና ማስረጃ የተገኘው በአገራችን ነው። በአፋር መካከለኛው አዋሽ በአራሚስ የተገኘው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አርዲፒተከስ ራሚደስ፣ በወንዶቹም ዘንድ ያነሰና በቅድመ መንጋጋ ጥርስ የማይሳል ክራንቻ ነበረው። ድንጋይን ፈልጦ መሣሪያ ማድረግ በማስረጃ ከመታየቱ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ወገናችን የአፉን ጩቤ አስቀምጧል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጦር፣ ጎራዴና ጠመንጃ ከሰውነት ውጭ የተሠራ ነው። ይህ መሣሪያ ለማደግ ዓመታት አይፈልግም፤ ቢሰበር ይተካል፤ በሰገባ ገብቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ጠመንጃ ደግሞ ከሩቅ ስለሚገድል የአጸፋውን ኪሳራ ያጠፋዋል። ጠመንጃ የያዘ ሰው በዋልያ ፊት ያለው አቋም አዲሱ አውራ በግልገሉ ፊት ካለው አቋም ጋር አንድ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ የሚያቆመው ነገር የለም።

የዋልያ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ጭላዳንም ዋልያንም ለሳይንስ የገለጸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ነበር። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቆዳውና ዋንጫ ለሚሠራበት ቀንዱ ሲታደን ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ የተደረጉ ግምቶች የቀረውን ቁጥር 200 ገደማ አድርሰውት ነበር። ተቀናቃኝን ያስፈራ የነበረው ቀንድ አዳኝን የሚጠራ ምልክት ሆነ። ከዚህም የሚከተል ሌላ አደጋ አለ። በካናዳ አልበርታ በሚገኝ አንድ የተራራ በጎች መኖሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ትልቅ ቀንድ ያላቸውን ወንዶች መርጦ ማደን ከትውልድ ወደ ትውልድ የቀንድ መጠንን እንዳሳነሰ አመልክቷል። ጥቂት እንስሳት ብቻ በቀሩበት ዝርያ ይህ ምርጫ ቸል የሚባል አይደለም።

ስሌቱ ራሱ ቁጥብነትን በማያመጣበት ቦታ ቁጥብነት በሕግና በሥርዓት መምጣት አለበት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ዋነኛ ዓላማው ዋልያን ማዳን ነበር። በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 የዋልያ ቁጥር በማሽቆልቆሉና መኖሪያው በመጥበቡ ምክንያት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን የዋልያ ቁጥር እንደገና ቀንሷል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን “ዋልያዎቹ” ተብሎ የሚጠራበት እንስሳ ቀንዱ ብቻውን አያድነውም።

ከጠዳ መስክ የሚጀምር ጥናት

ይህን ሐሳብ ለመፈተን ወደ ሳንቃበር ወይም ወደ ጨነቅ መውጣት የግድ አይደለም። በጎንደር የሚማር የሥነ ሕይወት ወይም የእንስሳት ሕክምና የድኅረ ምረቃ ተማሪ በጠዳ ዙሪያ ባሉ የግጦሽ መስኮች ሊጀምር ይችላል። የሚያስፈልገው ሰዓት፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ፣ የከብቶቹን ደረት የሚለካ ሜትርና የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው። እንስሳትን ሆን ብሎ ማጋጠም አያስፈልግም፤ ተገቢም አይደለም። በራሱ የሚነሣውን ጠብ መመዝገብ ይበቃል።

አንዱ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ ተፋላሚዎቹ ምን እንደሚለኩ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን አቅም ብቻ ከሆነ፣ የጠቡ ርዝመት ከተሸናፊው ግዝፈት ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ከአሸናፊውም ግዝፈት ጋር በመጠኑ ይጨምራል። ሁለቱ እርስ በርስ የሚለካኩ ከሆነ ግን የጠቡ ርዝመት ከአሸናፊው ግዝፈት ጋር ተቃራኒ ይሆናል፤ ተሸናፊው የተቀናቃኙን ትልቅነት አይቶ ቶሎ ይተዋልና። ስለዚህ የሁለቱን ግዝፈት ለየብቻ መመዝገብ እንጂ ልዩነታቸውን ብቻ መውሰድ በቂ አይደለም። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ቀንዳቸው በሾለና በዶለዶመ፣ ወይም ቀንድ ባላቸውና በሌላቸው መካከል የዛቻው ክፍል ርዝመት ይለያይ እንደሆነ ነው። ከላይ የቀረበው ሐሳብ የሚተነብየው ቀንዱ በሾለ ቁጥር ዛቻው እንዲረዝምና ግጭቱ እንዲያጥር ነው። መረጃው ይህን ካልደገፈ ሐሳቡ መታረም አለበት።

መደምደሚያ

የውጊያ ጨዋታው ባራካና የስሜን ተራሮች ጭላዳ ሁለቱም ከሰውነታቸው በበቀለ ስለት ይታወቃሉ። የመጀመሪያው በምስል ክፍሎች የሚቆጠር ዋጋ ከፍሎ በሚቀጥለው ዙር እንደ አዲስ ይነሣል። ሁለተኛው በአንድ ሕይወትና ዳግም በማይበቅል ክራንቻ ይፋለማል፤ ስለዚህም ከመንከሱ በፊት ያሳያል፤ ከመግጠሙ በፊት ይለካል። ኪሳራ በሌለበት ግን ያው ጭላዳ ግልገል ይገድላል። የሰው ልጅ ጠመንጃን ይዞ ኪሳራ ወደሌለበት ወገን ተሻግሯል። በጠዳ መስክ ያሉት ኮርማዎች ፊታቸውን አዙረው የሚለያዩት ቀንዳቸው ለሁለቱም ስለሚያሰጋቸው ነው። በዋልያና በሰው መካከል ግን እንዲህ ያለ የጋራ ስጋት የለም፤ ያንን ክፍተት መሙላት የሚችለው ሰው ራሱ ያወጣው ሕግና ሕጉን የሚያስከብረው እጅ ነው።